የዓሣው አጥንት ላይ የማይጻፈው ስም

አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ማን አበላሸው?» ይላል። ሁለተኛው «ለምን ተበላሸ?» ይላል። ቤት ውስጥም ሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠየቅ አይታችሁ ስለዚያ ቦታ ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ። «ማን?» ቀድሞ በሚጠየቅበት ቤት ሰዎች ጥፋት መደበቅ ይለምዳሉ። «ለምን?» ብቻ በሚጠየቅበት ቤትስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ስለዚህ ክብደት ማሰብ የጀመርኩት የሥነ ምግባር መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በየስብሰባው ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚሣሉትን ሳጥኖችና ቀስቶች እያየሁ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ዝነኛው የዓሣ አጥንት ይባላል። የፈጠረው ካኦሩ ኢሺካዋ (1915–1989) የሚባል፣ በኬሚስትሪ የሠለጠነ ጃፓናዊ ምሁር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሣሣሉ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም መስመር ይሰመራል፣ ጫፉ ላይ የዓሣው ጭንቅላት ይሣላል፣ እዚያ ውስጥ ችግሩ ይጻፋል። ከጀርባ አጥንቱ ትልልቅ አጥንቶች ይወጣሉ፤ በተለምዶ ሰው፣ ማሽን፣ አሠራር፣ ጥሬ ዕቃ፣ ልኬትና አካባቢ የሚል ስም አላቸው። ከእነሱ ላይ ደግሞ ትንንሽ አጥንቶች ይቀጠላሉ።

እንበል አንድ ዳቦ ቤት በየጊዜው ዳቦው እያረረ ተቸገረ። ጭንቅላቱ ላይ «ዳቦ ያርራል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ልኬት የሚለው አጥንት ላይ «የምድጃው ሙቀት መለኪያ በትክክል አይሠራም»፣ ጥሬ ዕቃ ላይ «ዱቄቱ ከሌላ ወፍጮ መምጣት ጀምሯል»፣ አካባቢ ላይ «መብራት ሄዶ ድንገት ይመጣል»፣ አሠራር ላይ «ሌሊት የሚሠራው አንድ ጋጋሪ ብቻ ነው»። ሥዕሉ ሲያልቅ፣ ጠዋት «ይሄ ጋጋሪ ሰነፍ ነው» ሲል የነበረው ባለቤት ትንሽ ዝም ይላል። ዝምታዋ ቀላል አይደለችም። አንድ ሰው ከሥራ የመባረሩ ወይም ያለመባረሩ ጉዳይ ነበርና።

ሁለተኛው ዘዴ የቶዮታው «አምስት ጊዜ ለምን» ነው። የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት ከቀረጹት ዋነኛው ታይቺ ኦኖ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ምሳሌ የታወቀ ነው። ማሽን ቆመ። ለምን? ጭነት በዝቶበት ባልቦላው ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ቅባት አላገኘም። ለምን? የቅባቱ ፓምፕ በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመ የብረት ብናኝ ገብቶበታል። መጀመሪያው መልስ ላይ የቆመ ሰው ባልቦላ ቀይሮ ይሄዳል፤ ማሽኑ ተመልሶ ይቆማል። «ማን ነው ሲነካካው የነበረው?» የሚል ሰው ደግሞ አንድ ልጅ ያባርራል፤ ማሽኑ አሁንም ተመልሶ ይቆማል። የኛው ተረት «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ኦኖ ተረታችንን ቢሰማ የሚስማማ ይመስለኛል።

ታዲያ እኔ እነዚህን ሥዕሎች እንደ ተራ የማኔጅመንት ዕቃ አላያቸውም። ውስጣቸው አንድ የሥነ ምግባር ሐሳብ አለ፦ ሰውን ከመክሰስህ በፊት ሰውየው የቆመበትን ቦታ እይ። ይህ ሐሳብ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚገባን ተቃራኒውን ስናስታውስ ነው። በአገራችን ሌባሻ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አውጫጭኝም ነበር፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አጥፊውን እስኪያወጣ ድረስ እዚያው እንዲቆይ የሚደረግበት፣ ካልወጣም ዕዳው የሁሉም የሚሆንበት። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። የሁለቱም ሞተር ግን «ማን?» ነው። ስም ካልተገኘ ነገሩ አይዘጋም። ስም ከተገኘ ደግሞ፣ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ነገሩ ይዘጋል።

እስካሁን ለሥዕሎቹ ጠበቃ ሆኜ ቆሜያለሁ። አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልሻገር።

አማርኛችን ሁለት ቃላት ለይቶ አስቀምጦልናል፦ ምክንያትና ሰበብ። ሁለቱም ለ«ለምን?» መልስ ናቸው። ምክንያት ነገሩን ያመጣው ነው። ሰበብ ከነገሩ ማምለጫ ነው። ችግሩ፣ ሳጥን ውስጥ ሲጻፉ ሁለቱ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ቀስቱ አይለያቸውም። አንድ ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ቆማችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ። ይህ ለ«ለምን አልተስተናገድኩም?» የተሰጠ መልስ ነው፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ግን ይህን የሚናገረው ሰው ፊት ላይ አንድ የምናውቀው ዕረፍት አለ፦ ጉዳዩ የእሱ አይደለም፣ የማንም አይደለም፣ የሲስተሙ ነው። «ማን?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ሲሞት የሚወለደው ዓለም ይህ ነው። ሁሉም ነገር የሚበላሽበት፣ ማንም ያላበላሸበት ዓለም።

ይህ የሚሆንበትን ቦታ በትክክል ማሳየት ይቻላል፤ ቀስቱ የሚቆምበት ቦታ ነው። የኦኖ ምሳሌ ማጣሪያው ላይ ቆመ። መሐንዲስ እዚያ ቢቆም ጥሩ አድርጓል፤ ማጣሪያ ይገጥማል፣ ማሽኑ ይሠራል። ግን ስድስተኛ «ለምን» ብንጨምርስ? ማጣሪያው ለምን አልተገጠመም? ምናልባት ርካሽ ማሽን ስለተገዛ። ሰባተኛ፦ ርካሹ ለምን ተገዛ? አሁን ከፋብሪካው ወለል ወጥተን ደረጃ እየወጣን ነው። «ለምን» የሚባለው ጥያቄ በራሱ ማብቂያ የለውም፤ አምስት የሚለው ቁጥር ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል የሆነ ቦታ ላይ የሚያቆመው ሰው አለው። እኔ ባየኋቸው ሥዕሎች ደግሞ ቀስቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ማርከሩን ከያዘው ሰው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። «ሰው» የሚለው አጥንት ላይ «የሠራተኛው ቸልተኝነት» ተጽፎ አይቻለሁ። «የሥራ አስኪያጁ ቸልተኝነት» ተጽፎ አላየሁም።

አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት የዕቅድ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሥዕሉ የችግር ዛፍ ነበር፤ ግንዱ ላይ ችግሩ፣ ሥሩ ላይ መንስኤው፣ ቅርንጫፉ ላይ ውጤቱ የሚጻፍበት። ግንዱ ላይ «የእጅ ፓምፖች ተበላሽተው አይጠገኑም» የሚል ካርድ ተለጠፈ። ሥሩ ላይ ቶሎ የተለጠፈው ካርድ ማን እንደጻፈው እንኳ አልታወቀም፦ «የማኅበረሰቡ የግንዛቤ እጥረት»። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በዘዴው መሠረት የችግሩ ዛፍ ወደ ዓላማ ዛፍ ተገለበጠ፤ «እጥረት» የሚለው ቃል ተነሣና «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ሆነ። ለሻይ ስንወጣ ሾፌራችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። ስለ ፓምፑ ስነግረው «ወንድሜ፣ መለዋወጫው እኮ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። ገንዘቡን አዋጥተው ሰው ልከው ባዶ እጁን የተመለሰበት ጊዜ አለ» አለኝ። ግንዛቤ ነበራቸው። ያልነበራቸው ጋስኬት ነው።

ቃሉን ወደ አዳራሹ ይዤ ገባሁ፤ ካርድ ተጻፈለት፣ ከግንዛቤው ካርድ ጎን ተለጠፈ። ጥሩ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በኋላም አልለቀቀኝም። በዚያ ዛፍ ላይ ውሃ ቀጂዎቹ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል፤ ሥሩ ላይ እንደ መንስኤ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ተጎጂ። አዳራሹ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። የዛፉን ሥር የመሰየም ሥልጣን የነበራቸው ከዛፉ ውጪ የተቀመጡት ናቸው። ይህ የአንድ አዳራሽ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። የፕሮጀክት ዕቅድን በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሳየው ሎግፍሬም በ1969 ለአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ የተሠራ ነው፤ የችግር ዛፉም በ1980ዎቹ ጀርመኖች የልማት ፕሮጀክቶቻቸውን ለማቀድ ባበጁት ዘዴ በሰፊው ተሠራበት። የጀርመኖቹ ሐሳብ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲሥሉ ነበር። ሥዕሉ በቀላሉ ይጓዛል፤ «የሚመለከታቸው ሁሉ» ግን የስብሰባ አበል የላቸውም።

ወደ ቶዮታ ልመለስ፤ እዚያም ሥዕሉ ብቻውን አልኖረምና። በቶዮታ ማምረቻ መስመር ላይ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ገመድ ባለበት ቦታ ነው፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው ሥራውን የማቆም ሥልጣን አለውና። ከዚያ በፊት የሆነ ሌላ ነገርም አለ። በ1950 ኩባንያው ሊከስር ደርሶ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ትልቅ የሥራ ማቆም አድማም ተነሣ። የመኪናውን ፋብሪካ የመሠረተው ኪቺሮ ቶዮዳ ያኔ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የጃፓን ኢኮኖሚ፣ የባንኮች ጫና፣ የገበያው መቀዝቀዝ፣ አጥንት በአጥንት የሚሞላ ዓሣ መሣል ይችል ነበር። ምክንያቶቹም እውነት ነበሩ። ሰውየው ግን ወንበሩን ለቀቀ።

የእኛም አገር ካይዘንን ተቀብላለች። በ2009 በጃፓኑ ጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀምሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሥራ ቦታን ማጽዳትና ማደራጀት፣ ሠራተኛው በቡድን ሆኖ ችግር እንዲፈታ ማድረግ፣ እነዚህ ነገሮች ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ አልቀልድባቸውም። አንድ ተቋም ግድግዳው ላይ የዓሣ አጥንት ሰቅሎ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ግን ይህንን ነው፦ ወረቀቱ መጥቷል፤ ገመዱስ መጥቷል? የሚለቀቀው ወንበርስ?

አሁን አንዱ አንባቢ «አንተ ደግሞ! ሥዕል ሥዕል ነው፤ ቢላዋ ዳቦም ይቆርጣል ሰውም ይወጋል፣ ጥፋቱ የያዘው ሰው ነው» ሊለኝ ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ግን ቢላዋ «የሚቆረጠው ሁሉ ይኸው ነው» አይላችሁም። ሥዕል ይላል። አንድ ነገር በሳጥንና በቀስት ተሥሎ ሲቀርብ የተሟላ ይመስላል፤ ያልተሣለው ነገር የሌለ ይመስላል። አቀማመጡ ራሱ ይናገራል። ከመጀመሪያዎቹ የድርጅት መዋቅር ሥዕሎች አንዱ በ1855 ለኒው ዮርክና ኢሪ የባቡር ኩባንያ በዳንኤል ማካለም መሪነት የተሣለው ነው። ቅርጹ የተክል ነው፦ ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ከታች ከሥሩ ጋ ሆነው፣ ሠራተኞቹ እንደ ቅርንጫፍና ቅጠል ወደ ላይ ይዘረጋሉ። ዛሬ የምናውቀው መዋቅር ግን አለቃውን አናት ላይ ያስቀምጣል። ኩባንያ ያው ኩባንያ ነው። በአንዱ ሥዕል ግን አለቃ ማለት የሚሸከም ነው፤ በሌላው የሚጫን።

ሥዕል ሰውን ሊያጠፋ እንደሚችል ሁሉ ሰውን ሊያወጣም ይችላል። ለዚህ ሁለት ምስክር አለኝ። አንደኛው የብሩክስ መርከብ ሥዕል ነው። በ1788 መጨረሻ የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ እንግሊዛውያን ብሩክስ የምትባል የሊቨርፑል መርከብን ንድፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ስሌት መርከቧ 454 ሰው መጫን ትችላለች፤ ከሕጉ በፊት እስከ 609 ጭና ነበር። ሥዕሉ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስተኝቶ ሣለ። ጩኸት የለበትም፣ ደም የለበትም፤ የጭነት ዕቅድ ነው። ግን ለነጋዴው «የቦታ አጠቃቀም» የነበረውን ነገር ለሚያየው ሰው ሁሉ የሰው ገላ አደረገው። ሁለተኛው በ1869 ሻርል ሚናር የሣለው የናፖሊዮን የሩሲያ ዘመቻ ነው። ሠራዊቱ በመስመር ተሥሏል፤ የመስመሩ ስፋት የሰዎቹ ብዛት ነው፣ 1 ሚሊሜትር 10,000 ሰው። ሲነሣ 422,000 የነበረው ወፍራም መስመር ሲመለስ 10,000 የሆነ ክር ነው። ስለ ጄኔራሎቹ ስልት አንድ ቃል ሳያነቡ፣ ዓይን ብቻውን ነገሩን ያነበዋል።

እነዚህ ሁለት ሥዕሎች «ማን?»ም «ለምን?»ም ብለው አልጀመሩም። ሦስተኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ «በማን ላይ?»

ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ቋንቋችን በአንዲት ቅጥያ ይዞታል። ልጅ እያለን ብርጭቆ ከእጃችን ወድቆ ሲሰበር የምንለው ነገር ሦስት ዓይነት ነበር። «ሰበርኩት» ካልን የቁጣውን በር ከፈትን። «ተሰበረ» ካልን ብርጭቆው በራሱ ፈቃድ የሞተ አስመሰልን። «ተሰበረብኝ» ካልን ግን መሐል ላይ ቆምን። ሆን ብዬ አላደረግኩትም፤ ቢሆንም ከእኔ እጅ ነው፤ ጉዳቱም የእኔ ነው። «ብኝ» ጥፋተኝነት አይደለም፤ «እናቴ ሞተችብኝ» እንላለን፣ እናቱን የገደለ ሰው የለም። የሚለው ይህንን ነው፦ ይህ ነገር በእኔ በኩል ነው የወደቀው፣ ዞር ብዬ አልሄድም። እርግጥ «ብኝ»ም ሰበብ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቀጥሎ የሚደረገው ነገር ነው፤ ተናግሮ የሚሄድ አለ፣ ተናግሮ መጥረጊያ የሚያነሣ አለ።

የ«ለምን?» ሥዕሎች ችግር ሁሉንም «ተሰበረ» አድርገው መጻፋቸው ይመስለኛል። መድኃኒቱ ወደ «ማን ሰበረው?» መመለስ አይደለም፤ ያ መንገድ ሌባሻ ጋ ያደርሳል። መድኃኒቱ ሥዕሉ ላይ ለ«ብኝ» ቦታ መተው ነው። ይህ ደግሞ በማርከር የሚደረግ ቀላል ነገር ነው። የዓሣው ጭንቅላት ላይ ችግሩን ብቻ አትጻፉ፤ ችግሩ የወደቀበትን ሰውም ጻፉ። «ዳቦ ያርራል» ብቻ ሳይሆን «ጠዋት 12 ሰዓት ልጆቿን ትምህርት ቤት ልትልክ የመጣች እናት ያረረ ዳቦ ገዝታ ትሄዳለች» በሉ። ቀስቱ ሲቆም «እዚህ ላይ ያቆምነው ምክንያቱ ስላለቀ ነው ወይስ ከዚህ በላይ ያለው ሰው እዚህ ስለተቀመጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማርከሩንም ለአንድ ደቂቃ ችግሩ ለወደቀበት ሰው ስጡት፤ አዳራሽ ውስጥ ከሌለ፣ ያለመኖሩን ራሱን አንድ አጥንት አድርጋችሁ ጻፉት።

ይህን ሁሉ አድርገንም ሥዕሉ ስለ እኛ ሊያደርግልን የማይችለው አንድ ነገር ይቀራል። ኃላፊነትን ቀስት ተከትላችሁ አታገኙትም። ምክንያት የሚገኝ ነገር ነው፤ ኃላፊነት የሚነሣ ነገር ነው፣ እንደ ሸክም። ሥሩ በትክክል ተቆፍሮ፣ አጥንቱ ሁሉ ተሞልቶ፣ መንስኤው ላይ ሁሉም ከተስማማ በኋላም፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «በእኔ በኩል ነው» እስኪል ድረስ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ያን የሚለው ሰው ደግሞ በደረጃ ከፍ ያለው ቢሆን፣ ከታች ያሉት «ለምን?» ሲባሉ እውነቱን ለመናገር አይፈሩም ነበር።